ይመር የተሸከመው ድንጋይ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለሼሁም አልነገርኩም። ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ እንኳ «አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ ከማለፍ በቀር በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ነጋዴ ገመናውን የሚያወራው ለመንገደኛ ነው፤ ለጎረቤት ካወራማ ገመናው ሸቀጥ ይሆንና በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኘዋል።

ሰይድ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለኝ። ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ስልክ፣ ገመድ፣ አንቴና እሸጣለሁ። ትምህርቴ የመንገድ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ጀርባ ነው፤ ሊኑክስን፣ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት፣ ደግሞ የተማርኩት ከተበላሸ ዕቃ ነው፤ የሚሠራ ዕቃ ለሰው ምንም አያስተምርም።

ሰው ጎድቻለሁ። ሳላውቅ አይደለም፣ አውቄ ነው የጎዳሁ። እጄን አላነሳሁም፣ አልሰረቅሁም፣ አንድ ሽቦ አልቆረጥኩም። «በግድ በለው» አልኩ፤ ይኸው ነው። ይህች ቃል ምን እንዳደረገች እስክነግራችሁ ታገሡኝ።

ይመር የሰፈሬ ልጅ ነው። ሱቁን አብረን ነው የከፈትን። ኢንተርኔቱን ከሐይቅ በአንቴና ዘርግተን መጀመሪያ ለሐይቁ ዳር ሎጆች፣ ኋላም ከውጫሌ በላይ እስካለው የአምባሰል ተራራ ድረስ ያወጣነው አብረን ነው። ዕቃ ፈልጎ የሚያገኘው፣ አንቴና የሚሰቅለው፣ የሞተውን ማሽን የሚያነሣው እኔ ነበርኩ። ደንበኛ ፊት ቆሞ የሚናገረው እሱ ነበር፤ አንደበት አለው። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ሲናገር ዕቃዬ ከዋጋው በላይ ይመስላል።

አባቴ የሞተ ሰሞን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አንድ የሎጅ ባለቤት ሊያስተዛዝን መጥቶ ይህን መስመር ማን እንደዘረጋው በወሬ በወሬ ጠየቀ። ይመር ከአጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ፈገግ እያለ፦

«ሰይዶ ዋጋ ያውቃል እንጂ ሙያ የለውም። የማስበው እኔ ነኝ፤ እሱ ገመድ ይጎትታል» አለ።

ለቀስተኛው ሳቀ። በአባቴ ለቅሶ ላይ ሳቅ የተሰማው ያኔ ብቻ ነው። እኔም ሳቅሁ። ነጋዴ ነኛ! ሲሰድቡኝ እስቃለሁ፤ ዋጋውን በኋላ እተምነዋለሁ። ሰልስቱ ሳያልፍ ባለ ሎጁ ሥራውን ሁሉ ለይመር ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ የሁለታችን ስም ያለበት ታፔላ ወርዶ የእሱ ስም ብቻ ያለበት ተሰቀለ። ሱቁ ለእኔ ቀረ፣ ተራራው ለእሱ ሆነ። ሽማግሌዎች ገቡና አውፍ ተባባልን። ተቃቀፍን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ግን ሳሉን አፍኖ መያዝ የሚችል ሌባ ነበርኩ።

አሁን ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ፤ ኃጢአቴ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ተራራው ላይ፣ እትየ ፋጤ የሚሏት ባልቴት ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከደሴ ገዝቼ በበቅሎ ያወጣሁት ሰርቨር አለ። አራት ፖርት፣ አራት የገመድ መሰኪያ፣ ያለው ካርድ ገጠምኩበት። አንዱ ፖርት ከሐይቅ የሚመጣውን መስመር ይቀበላል፤ ሦስቱ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ግሸን መንገድ ማረፊያዎችና ወደ መንደሩ ያከፋፍላሉ። እትየ ፋጤ ጓዳዋን በመስጠቷ መስመር በነፃ ታገኛለች። ማሽኑን የተከልኩ ዕለት ይህችን አረንጓዴ መብራት የምታበራና የምታጠፋ ማጥፊያ በምንም ዓይነት እንዳትነኪ ብዬ በአላህ አስምያታለሁ። ይህን መሐላ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሊኑክስ ውስጥ ከርነል የሚሉት አለ። ኬላ ጠባቂ ነው በሉት። የሚገባውንም የሚወጣውንም እያንዳንዱን ፓኬት፣ እያንዳንዱን የመልእክት ቁራጭ፣ አስቁሞ ከየት መጣህ፣ የት ትሄዳለህ ይላል። በአዘቦት ቀን መልካም ነው። በመስከረም የግሸን መንገደኛ በየአውቶብሱ ሲወርድና ሁሉም ደርሻለሁ ለማለት አንድ ጊዜ ስልኩን ሲያወጣ ግን ኬላው ላይ ሰልፍ ይሆናል፤ ድምፅ ይቆራረጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ፓኬቱን ከከርነል ውጭ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ፕሮግራም መትከል ነው። እኛ በባቲ መንገድ ያደግን ሰዎች ኬላ ዞሮ ማለፍ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም።

ግን ፕሮግራሙ እንዲሁ አይሠራም፤ ፖርቱ ይዘጋጅለታል። መጀመሪያ ማሽኑ ሲነሣ በሚመጣው የማስተካከያ ገጽ ላይ አንዱ ዕቃ የሌላውን ሚሞሪ እንዳይደርስበት የሚያጥረውን ነገር ታበራለህ። ከሚሞሪው ላይ ሰፋፊ ገጽ ቆርሰህ ለፕሮግራሙ ትከልላለህ፤ ሰርግ ቤት ለሙሽራው ወገን ቦታ እንደሚከለለው። ከዚያ እያንዳንዱን ፖርት በአድራሻው ታወርደዋለህ፣ ከሚነዳው ከድሮው ድራይቨር ታላቅቀዋለህ፣ ለአዲሱ ታስረክበዋለህ። ካስረከብከው በኋላ ከርነል ያንን ፖርት አያውቀውም። በስሙ ብትጠራው እንዲህ የሚባል የለም ይልሃል። ቤት ሸጦ ቁልፍ ያስረከበ ሰው ነው፤ ብታንኳኳ የሚከፍትልህ እሱ አይደለም።

ስለዚህ አንተ ራስህ ከሩቅ ሆነህ የምትገባባትን ፖርት አትነካትም። እሷ የምትነካው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠህ ነው። ከሩቅ ከነካሃት ቤቱን ከውጭ ቆልፈህ ቁልፉን በመስኮት ወደ ውስጥ ወርውረሃል።

አስረካቢው መሣሪያም ሞኝ አይደለም። በሥራ ላይ ያለች ፖርት ስጠኝ ብትለው «መንገድ ያልፍባታል፣ አልነካትም» ይላል። እምቢ ይላል። በግድ ካላሉት በቀር።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ካርዱ ብረት ላይ የተጻፈው ቁጥርና ሊኑክስ የሚቆጥረው ተቃራኒ ነው። ብረቱ ከግራ ሲጀምር ሊኑክስ ከቀኝ ይጀምራል። የሐይቁን መስመር የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ሊኑክስ ደግሞ እሷን የመጀመሪያ ብሎ ይጠራታል። የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ያልጻፍኩትም እኔ ነኝ። ገመድ ጎታች አይደለሁ? ጻፍ ያለኝ የለም።

መስከረም ሲቃረብ እትየ ፋጤ በገበያ ቀን ወርዳ ሱቄ መጣች። ቻርጀር ፈልጋ ነው። የእሷ መንደር ገደል ስር ስለሆነ የሞባይል ኔትወርክ አይደርስም፤ ያላት የእኛ መስመር ብቻ ነው። ልጇ ሐዋ ዐረብ አገር ቤት ሠራተኛ ናት። የራሷ ስልክ የላትም፤ እመቤቲቱ አርብ ከጁምዓ በኋላ የራሷን ስልክ ትሰጣትና ትደውላለች። እናቲቱ መልሳ እንድትደውል አይፈቀድም።

ቻርጀሩን እያየች «ሰይድዬ፣ ጥሩ ነው? እንዳያሳፍረኝ» አለችኝ። ሳቅሁባት።

«ምን ሊሆን ነው እትየ?»

«ያቺ ልጅ ለአርብ ቀጥራኛለች። ውሉ አልቋል። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፣ ምንም ካላልሽኝ ፈርሜ እቆያለሁ ብላለች። አጎቷን ላማክር ብዬ ነበር። አማከርኩ። ነይ ልላት ነው።»

የተሻለውን ቻርጀር መርጬ ሰጠኋት። ዱዓ አደረገችልኝና ወጣች። እንግዲህ አላወቅሁም እል ይሆን? ምን ብዬ?

አርብ ረፋድ ላይ ይመር ደወለ። ታፔላው ከወረደ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። ድምፁ ማር ሆኗል፤ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይለኛል። ሐይቅ ቁጭ ብሎ የተራራውን ማሽን ለአዲሱ ፕሮግራም እያዘጋጀ ነበር። ሁለቱን ፖርት አስረክቦ ማስረከብ ከሚፈልጋቸው የቀረችው አንዷ እምቢ ብላዋለች። የተከልከው አንተ ስለሆንክ ነው የምጠይቅህ አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ለሰው እንዳትነግር።»

ያቺን ቃል ስሰማ ውስጤ የሆነ ነገር ተቀምጦ እግሩን አነባበረ። ገባኝ። ይህ ሰው እኔን መጠየቁን ቢሞት አይናገርም። ገመድ ጎታቹን ጠየቅሁ ብሎ በየትኛው አፉ? ምንም ብለው ምስክር የለብኝም። ለብዙ ጊዜ የጠበቅሁት ዕቃ ደጄ ድረስ መጣ።

«የቱን ነው እምቢ ያለህ?» አልኩት።

«ሊኑክስ የመጀመሪያ የሚላትን። ሥራ ላይ ናት፣ አልነካም ይለኛል። ከብረቱ ላይ አንድ የሚለው ወደ መንደር የሚወርደው ነው አይደል?»

«አዎ።»

እውነት ነው፤ ብረቱ ላይ አንድ የሚለው ወደ መንደር የሚወርደው ነው። ሊኑክስ አንድ የሚለው ግን የሐይቁ ነው። ልለው እችል ነበር። አፌ ላይ ነበረች። እሱም ጠርጥሯል፤ ሞኝ አይደለም፤ ይህን አልክድበትም።

«ከሐይቅ የምትመጣው እሷ ብትሆንስ?» አለ።

«ይመሮ፣ ከርነል እኮ እንደ ጡረተኛ ዘበኛ ነው፤ የሌለ ሌባ ያያል። በግድ በለው።»

እንዲህ አልኩ። በግድ በለው አልኩ። ማሽኑ እውነቱን ነግሮት ነበር፤ እኔ ማሽኑን ውሸታም አደረግሁት። ያን ቀን ከእኔና ከብረቱ ታማኙ ብረቱ ነበር።

ሐዋን ረስቻት ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ! ዋሽቼ መሸጥ እችላለሁ፤ ይህን ግን ዋሽቼ አልሸጥም። በግድ በለው ከማለቴ በፊት እትየ ፋጤ ትዝ አለችኝ። ትዝ ስትለኝ ምን አልኩ? ተው ሰይድ አልኩ? አላልኩም። እንዲያውም ደግ አልኩ። መንደሩ ሁሉ ዝም ቢል የእሷ ጩኸት ይበቃዋል፣ ከዚያች ሴት አፍ ስሙ ሲወድቅ የሚያነሣው የለም አልኩ። የሴትየዋን አርብ ለበቀሌ ማገዶ አደረግሁት። ጥፋቴ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የሙያ ወሬ ነው።

ስልኩ ላይ የይመር ጣት ቁልፉን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ «ሰይዶ፣ ማሽኑ ከእጄ ወጣብኝ፤ ተራራው ሁሉ ጠፋ» አለ። ዘጋሁት። ደጋግሞ ደወለ፤ ለደንበኛ ገመድ እየለካሁ ነበር። ከዚያ ውዱእ አደረግሁና ጁምዓ ሄድኩ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ቆምኩ።

ይመር ሚኒባስ ይዞ ውጫሌ ደረሰ፣ ከዚያ በእግሩ ወጣ። ዳገቱን የወጣ ያውቀዋል፤ ለጥድፊያ የሚመች አይደለም። ከጓዳዋ ሲደርስ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ነበር። ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? ማሽኑን አጠፋው፣ መልሶ አበራው። አለቀ። እንዲህ በግድ የተሰጠች ፖርት ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ ቀድሞ ቤቷ ትመለሳለች። መስመሩ መጣ፤ የሐዋ ሰዓት ግን አልፎ ነበር።

እትየ ፋጤ እዚያው ነበረች። ጎረቤቶቿ ለዱዓ ተሰብስበውላት፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከማሽኑ አንድ ክንድ ርቃ፣ አረንጓዴዋን መብራት እያየች። እጇን ዘርግታ ማጥፊያውን አጥፍታ ብታበራው ልጇ ትመጣ ነበር። አልነካችም። በአላህ አስምያት የለ? ከእኛ ሁሉ ቃሏን የጠበቀችው እሷ ናት፤ የተጎዳችውም በዚያው ነው።

በቀጣዩ አርብ ሐዋ ደወለች። ያለችውን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ እኔም ከሰው አፍ ሰማሁት።

«እማየ፣ ዝም ስትይኝ ገባኝ። አልተቀየምኩም። ፈርሜያለሁ።»

እናትየዋ መስመሩ ተቆርጦ ነው፣ ነይ ልልሽ ነበር አለቻት። ልጅቱ እሺ እማየ አለች። እሺዋ ግን የማመን እሺ አልነበረም፤ እናቱን ማሳፈር የማይፈልግ ልጅ እሺ ነው።

እትየ ፋጤ የማሽኑን ሳጥን ከቤቴ አውጡልኝ አለች። መንደሩ በይመር ላይ ተነሣ። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሼህ ሙሄ የሚባሉት የመንደሩ ትልቅ ሰው ሽማግሌ ሲመርጡ ማንን ጨመሩ? እኔን። ሁለቱን ያውቃል፣ ሙያውንም ያውቃል፣ ቂምም የለው፣ ባለፈው አውፍ ተባብለዋል አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ለሌላ ሰው ሽምግልና ስጠራ ሥራ አለብኝ እላለሁ፤ ለዚህ ግን ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ።

ከደጇ ወይራ ሥር ተቀመጥን። ይመር መጣ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከፊታችን ቆመ። ይቅርታ ሲለመን ወጉ ነው፤ በዳዩ ተሸክሞ ይቆማል፣ ተበዳዩ አንሱለት ሲል ሽማግሌ ያነሣለታል።

ሼህ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰይድ ልጄ፣ አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ። ጥፋቱ የማን ነው?»

ይህችን ጥያቄ አላህ ራሱ ነው በሽማግሌው አፍ የጠየቀኝ። ምን መለስኩ?

«ማሽኑ አስጠንቅቆት ነበር» አልኩ። «በግድ ብሎት ነው።»

አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ከዋሸሁት ሁሉ የከፋው ያ እውነት ነው። ይመር ከድንጋዩ ሥር ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር እኔ ነበርኩ ጎንበስ የምል። እሱ ግን ዓይኑን መለሰ። እኔም ገና አልጠገብኩም ነበርና ንግግር ጀመርኩ። ስለ ጥንቃቄ ተናገርኩ፣ ምሳሌ ደረደርኩ፣ የማያውቁትን መጠየቅ ነውር አይደለም እስከማለት ደረስኩ። አንደበት እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ላቡ መሬት ላይ እስኪንጠባጠብ አስቆምኩት። አልዋሻችሁም፣ ጣፈጠኝ። የአባቴ ድንኳን ውስጥ የተሳቀው ሳቅ እያንዳንዱ ከጆሮዬ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር።

የዘጋችው እትየ ፋጤ ናት። «አንሱለት» አለች። «አንገቱ ልጄን አያመጣልኝም።»

ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ድንጋዩ በላቡ ረጥቦ ነበር። ጎንበስ ስል ይመር ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፦

«ተካከልን» አለ።

ተራራውን እስክወርድ ቃሉ ደስ አለኝ። ውጫሌ ደርሼ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የወጋኝ። ተካከልን? በምን ሚዛን? እሱ በአንዱ በኩል እኔ በሌላው፤ መሐል ላይ መመዘኛው ማን ነበረች? ሚዛን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሁለት ነጋዴ ሲተካከል የጎደለበት አንድ ሦስተኛ ሰው ይኖራል።

ስለ ይመር አልጸጸትም። ይህን ነግሬያችሁ ስለ እሱ ይቅርታ የጠየቅሁ እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያለውን ዛሬ ቢደግመው ዛሬም የምሰጠው ፖርት አላጣም፤ የእናት አርብ የማይነካ ፖርት እመርጣለሁ እንጂ። እሱም ቢሆን ለሰው እንዳትነግር ብሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ቃሌን ጠብቄለታለሁ። ዕዳ የለብኝም።

እትየ ፋጤ ግን በገበያ ቀን ትመጣለች። ከሱቄ በር ቆማ እጇን ትዘረጋለች። የሰው አንገት ያቀናህ፣ አላህ አንገትህን አያስደፋህ ትለኛለች። አሚን እላለሁ። ምን ልበል? ሐዋ ፈርማ ቀርታለች፤ እመቤቲቱ ስልኩንም እንደ ድሮው አትሰጣትም። አልፎ አልፎ ስትደውል እናትየዋ ያን ነገር ታነሣባታለች፤ መስመሩ ነው እኮ ልጄ ትላለች። ልጅቱም እሺ እማየ ትላለች። ያው እሺ።

ያን እሺ የሚቀይር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቻርጀር ይሸጣል። እናት ስትናገር ማባበያ ይመስላል፤ ይመር ቢናገር ማምለጫ ይመስላል። ስሙን አፍርሶ የሚናገር ሰው ግን ይታመናል፤ ማንም በራሱ ላይ በነፃ አይዋሽም።

አርብ ወደ ላይ እወጣለሁ። ሽማግሌ አልልክም፤ እኔ የተቀመጥኩበት ሽምግልና ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር እመርጣለሁ፤ በመምረጥ አልታማም። እትየ ፋጤ አንሱለት እንደምትል አውቃለሁ፤ እዚያ የቆመ ሰው ካለ ግን እጁን ይሰብስብልኝ። ልጅቱ እስክትደውል ተሸክሜው እቆያለሁ። የዚህ አርብ ጥሪ ካልመጣ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ስልኩ ሲጠራ የምለው ይህን ብቻ ነው፦

ሐዋ፣ እናትሽ ዝም አላለችሽም። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።